ቦታ አለ

የሰው ዓይን ቦታን እንጂ ክብደትን አይለካም። ይህ ጉድለት በሌላው የኑሮ ዘርፍ ብዙም ጉዳት ባያስከትልም፣ ሞተርሆም የተባለውን ተሽከርካሪ በሚመለከት ግን የትምህርት ቤት ዕረፍት በደረሰ ቁጥር በጀርመንና በአጎራባቾቿ አውራ ጎዳናዎች ላይ ብዙ ቤተሰብ ከሕግ፣ ከፊዚክስና ከገዛ ዘመዱ ጋር እንዲጋጭ ምክንያት ይሆናል። ሞተርሆም ማለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ታንከር፣ መጸዳጃና ቁጥሩ የበዛ ቁም ሣጥን ተገጥሞለት፣ ሞተሩም ቤቱም በአንድ ሻሲ ላይ ያረፈ መኪና ሲሆን፣ በሌላ መኪና ከሚጎተተው ካራቫን የሚለየው ራሱን ችሎ በመንቀሳቀሱ ነው። ሰው ወደዚህ መኪና የሚገባው እንደ ሾፌር ሳይሆን እንደ ባለቤት ነው፤ በሩን ሲከፍት የሚያየው መደርደሪያና መሳቢያ፣ ከአልጋው ሥርም አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ባዶ ክፍል ነው። ያን ሁሉ ባዶ ቦታ በዓይኑ ካየ በኋላ፣ ቁም ሣጥኖቹ ገና ሳይጋመሱ መኪናው ሞልቶ ሊያድር እንደሚችል ማንም በቀላሉ አያሳምነውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመንጃ ፈቃድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ሕግ መሠረት ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ፣ ማለትም «ቢ» የሚባለው ደረጃ፣ የሚያስነዳው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ ግራም ያልበለጠ ተሽከርካሪ ነው። የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ሲባል መኪናው ከነሰዉ፣ ከነነዳጁ፣ ከነዕቃውና ከነማንኪያው በመንገድ ላይ ሳለ ሊያልፈው የማይገባው የመጨረሻ ልክ ሲሆን፣ ፋብሪካው ሻሲውን፣ ፍሬኑንና ጎማውን መርምሮ የሚወስነው በመሆኑ በልመናም ሆነ በመልካም ጠባይ አይጨምርም። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1999፣ በብሪታንያ ደግሞ ከ1997 በፊት መንጃ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች እስከ 7,500 ኪሎ የሚደርስ መኪና የመንዳት የቀድሞ መብታቸው ስለተጠበቀላቸው፣ በዚህ ጉዳይ ጡረታ የወጣው ጎረቤት ጉልበት ካለው ወጣት ይልቅ ትልቅ መኪና ሲነዳ ይታያል። ወጣቱና ከውጭ መጥቶ መንጃ ፈቃዱን እንደ አዲስ ያወጣው ስደተኛ ግን በ3,500 ኪሎ ስለታጠሩ፣ አምራቾቹም እነዚህን ገዢዎች ላለማጣት ሲሉ ሰባት ሜትር ርዝመት ያለውን ቤት እንደምንም ብለው በዚያው ልክ ውስጥ ያሳድሩታል። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የግድግዳው ውስጥ አረፋ፣ የጓዳው በር ስስ ጣውላ ይሆናል፤ የቁም ሣጥኑ ቁጥር ግን አይነካም። በዱሰልዶርፍ በየዓመቱ በሚካሄደው «ካራቫን ሳሎን» በተባለው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ጎብኚው እየከፈተ እየዘጋ የሚደነቀው በመሳቢያው እንጂ በተረፈው ኪሎ ስላልሆነ፣ ሻጩም ገዢው ያልጠየቀውን ነገር አንሥቶ ገበያውን የሚያቀዘቅዝበት ምክንያት የለውም።

በጀርመን የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በዚህ ረገድ ከሌላው የከፋ ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን ከአገሩ ይዞት የመጣው የጭነት ትምህርት እምብዛም አይረዳውም። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ አውቶቡስ ፖርቶ መጋላው፣ ማለትም በጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ሞላ የሚባለው ክብደቱ ታስቦ ሳይሆን ገመዱ ከወዲህኛው ጫፍ ወዲያኛው አልደርስ ሲል ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ረዳቱ ሌላ ገመድ ይቀጥልበታል እንጂ ጆንያ አያወርድም። የሚኒባስ ታክሲ ረዳትም «ቦታ አለ፣ ቦታ አለ» እያለ የሚጣራው መቀመጫ ስለተረፈው ሳይሆን፣ ተሳፋሪ ጠጋ ጠጋ ማለት የሚችል ፍጡር መሆኑን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን በዋና ዋና መንገዶች ላይ የከባድ መኪናን ጭነት የሚመዝኑ የሚዛን ጣቢያዎች መኖራቸው አይካድም፤ ሆኖም እነርሱ ዓይናቸውን የሚጥሉት ሲሚንቶና ማዳበሪያ በሚጭነው ላይ እንጂ ዘመድ ጥየቃ በሚሄደው ላይ ስላልሆነ፣ በተራው ቤተሰብ አስተሳሰብ ሚዛን ማለት ወይ የሥጋ ቤት ወይ የአውሮፕላን ጣቢያ ነገር ሆኖ ቀርቷል።

በፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናት፣ አንድ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅና ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጡ አያት፣ ለሁለት ሳምንት ሞተርሆም ተከራይተው ወደ ጣሊያን ሊጓዙ ነው እንበል። በመኪናው ወረቀት ላይ «ለጉዞ የተዘጋጀ ክብደት» በሚለው አንጻር 2,950 ኪሎ ግራም የሚል ቁጥር ሰፍሯል። ይህ ስያሜ ትርጉሙ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የተወሰነ ሲሆን፣ ባዶውን መኪና፣ 75 ኪሎ ይመዝናል ተብሎ የሚታሰበውን ሾፌር፣ 90 በመቶ የተሞላ የነዳጅ ታንከር፣ የጋዝ ሲሊንደርና ብዙውን ጊዜ 20 ሊትር ብቻ የሆነ ንጹሕ ውኃ ያጠቃልላል። በነገራችን ላይ 90 ሊትር ናፍጣ 75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ በሚዛን ፊት ሾፌሩና ነዳጁ እኩል ናቸው ማለት ነው። አባትየው ከ3,500 ላይ 2,950 ቀንሶ 550 ኪሎ እንደተረፈው ሲያይ ፊቱ ይፈካል፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ ሒሳብ አይሠራም። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የቀሩት ሦስቱ ተጓዦች በደንቡ ግምት እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ ተብለው ሲታሰቡ 225 ኪሎ ይወስዱና 325 ይቀራል። አከራዩ ለደንበኛ ምቾት ብሎ በኋላ ያስገጠማቸው የጥላ ሸራ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ሁለተኛ ባትሪና የብስክሌት መስቀያ አንድ ላይ 150 ኪሎ ቢደርሱ የቀረው 175 ይሆናል። መቶ ሊትር የሚይዘው የውኃ ታንከር እስከ አፉ ከተሞላ፣ ሃያው አስቀድሞ ስለታሰበ፣ ሰማንያ ኪሎ ይጨመርና ቀሪው ወደ 95 ይወርዳል። የቀረችውን ጥቂት ተስፋ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ያሰጋታል፤ ደንቡ በወረቀቱ ላይ በተጻፈውና በመኪናው እውነተኛ ክብደት መካከል እስከ 5 በመቶ ልዩነት እንዲኖር ይፈቅዳል። የ2,950 አምስት በመቶ 147 ኪሎ ግራም ከግማሽ ነው። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ያጋደለ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ አንዲት ማንኪያ ሳይጭን፣ አንድ ካልሲ እንኳ ሳያጥፍ፣ ከተፈቀደው ልክ በ52 ኪሎ አልፏል።

ሕግ አውጪው ይህን አደጋ ፈጽሞ አልዘነጋውም፤ ለተጓዡ ቢያንስ መጠነኛ የጓዝ አቅም እንዲተርፍለት ቀመር ደንግጎለታል። የተሳፋሪዎቹ ቁጥር ከመኪናው ርዝመት በሜትር ጋር ይደመርና በአሥር ይባዛል፤ አራት ሰው ለሚይዝ የሰባት ሜትር ሞተርሆም 110 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለአልጋ ልብስ፣ ለሳህንና ድስት፣ ለወንበርና ጠረጴዛ፣ ለልብስ፣ ለጫማና ለምግብ ሁሉ ሲሆን፣ ለአራቱ ሲካፈል ለአንድ ሰው 27 ኪሎ ተኩል ይደርሰዋል። ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ በሚያደርሰው አውሮፕላን፣ በብዙ ቲኬት ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሲፈቀድለት የኖረና እርሱም አንሶት በሰው እጅ መላክ የለመደ ሕዝብ፣ የሁለት ሳምንት ኑሮውን በአንድ ሻንጣና በአንድ ፌስታል ጨርስ ሲባል የሚሰማው ቅሬታ ተገቢነት የለውም ማለት አይቻልም።

በጉዞው ዋዜማ የሚሆነው ነገር ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን ክብደቱን የሚጨምረው ከባዱ ዕቃ እንዳልሆነ ይታያል። ከባድ ዕቃ በሁለት ሰው ስለሚነሣ፣ ሲነሣም ወገብ ስለሚያሳምም፣ «እውን ያስፈልጋል ወይ» የሚል ክርክር ያስነሣል፤ አንዳንዴም እቤት ይቀራል። ልኩን የሚያሳልፈው በአንድ እጅ የሚያዘው ነው። እናት በአንድ እጇ የበርበሬ ዕቃ፣ በሌላው ሹሮ ይዛ ትመጣና «ይቺ ምን አላት» ብላ ታስገባለች፤ ልጅቷ ፀጉር ማድረቂያዋን፣ አባት የመፍቻና የፒንሳ ሳጥኑን፣ አያት ከአገር ያመጡትን ጭኮና የተነጠረ ቅቤ ይዘው በተራ ይደርሳሉ። «ለማንኛውም ይያዝ» የተባለ ዕቃ ሁሉ ለብቻው ሲታይ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ከዚያም በላይ «ለማንኛውም» የተባለ ነገር ምን እንደሚሠራ ስለማይታወቅ አያስፈልግም ብሎ ለመከራከር አይመችም። ሁሉም ወገን ያስገባው ትንሽ መሆኑን እየማለ ሊመሰክር ይችላል፤ እውነትም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን አበው የተናገሩት ሃምሳውም ሰው በእግሩ ለሚሄድበት ዘመን በመሆኑ፣ ሎሚው ከነተሸካሚዎቹ መኪና ላይ ሲወጣ ጌጥነቱ ያበቃል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ልዩ ማብራሪያ የሚሻው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱ የሚጫነው ከእንጀራ ውጭ ሁለት ሳምንት መክረም አይቻልም ከሚል የማይናወጥ እምነት ሲሆን፣ ክብደቱ ይቅርና ሌላ እንከን አለበት። በአውሮፓ የካምፕ ማረፊያዎች ለአንድ መኪና የሚመደበው የኤሌክትሪክ መስመር ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 16 አምፔር ነው፤ አምፔር የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን መለኪያ ሲሆን፣ በ230 ቮልት 10 አምፔር ማለት 2,300 ዋት ነው። የተለመደው የአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። እንግዲህ በጣሊያን ጋርዳ ሐይቅ ዳር፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ተሰክቶ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሊያወጣ ሲል ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይወድቃል። ስለዚህ አስተዋይ ቤተሰብ ጋግሮ መሄድን ይመርጣል። አንዱ እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን ሃምሳው 15 ኪሎ ነው፤ ይህም ሻጋታ ከመቅደሙ በፊት በየቀኑ እየተበላ የሚቀል በመሆኑ ከምጣዱ ይልቅ ለሚዛን የተገራ ጭነት ነው ማለት ይቻላል። ውኃ ግን እንዲህ አይደለም። ተጓዡ በውኃ ሲታጠብና ሲያጥብ ታንከሩ የቀለለ ይመስለዋል እንጂ፣ የታጠበበት ውኃ ከወለሉ ሥር ወዳለው የእጣቢ ታንከር ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ እንደሆነ ስለሚቀጥል፣ እጣቢው በተፈቀደለት ቦታ እስካልተደፋ ድረስ ክብደቱ ከመኪናው አልወረደም፤ ስፍራ ብቻ ለውጧል።

ስፍራ መለወጥም በራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም ሕጉ ከጠቅላላው ክብደት ሌላ እያንዳንዱ አክስል የሚሸከመውንም ይወስናል። አክስል ግራና ቀኝ ያሉትን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ነው። በአውሮፓ ለሞተርሆም ሥራ ከሁሉ በላይ የሚመረጠው ፊያት ዱካቶ፣ በ3,500 ኪሎ ዓይነቱ፣ ከፊት 1,850፣ ከኋላ 2,000 ኪሎ እንዲሸከም ይፈቀድለታል። የሁለቱ ድምር 3,850 መሆኑን ያየ ብልጥ ሰው 350 ኪሎ ተደብቆ የቀረ ሀብት ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ትርፉ የተተወው ጭነት ወደ አንድ ወገን ቢያጋድል መፈናፈኛ እንዲኖር ነው እንጂ ጠቅላላው ልክ ያው 3,500 ነው። የማጋደሉ ነገር ደግሞ የሚብሰው ከኋላ ነው። ሰባት ሜትር ከሚሆነው ሞተርሆም ውስጥ ሁለት ሜትር ያህሉ ከኋላ ጎማ ወዲያ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሲሆን፣ ጋራዥ የሚባለው ትልቁ የዕቃ ክፍልም፣ የብስክሌት መስቀያውም የሚገኙት እዚያው ነው። በትከሻው ላይ ባጋደመው ዱላ ጫፍ ስልቻ አንጠልጥሎ የሚሄድ መንገደኛ፣ ስልቻው ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር የፊተኛውን ጫፍ በእጁ አጥብቆ መጫን እንደሚኖርበት ያውቃል፤ ትከሻውም የሚሸከመው የስልቻውን ክብደት ብቻ ሳይሆን የእጁን ግፊት ጨምሮ ነው። በመኪናው ትከሻው የኋላው አክስል፣ እጁ የፊተኛው ነው። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት አራት ሜትር ሆኖ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከነመስቀያቸው 70 ኪሎ መዝነው ከኋላው አክስል 2.4 ሜትር ርቀው ቢሰቀሉ፣ የኋላው አክስል የሚጨመርበት 70 ሳይሆን 112 ኪሎ ነው፤ ትርፉ 42 ኪሎ የሚመጣው ከፊት ጎማዎቹ ላይ ተነሥቶ ነው። ዱካቶ ደግሞ የሚጎተተውም የሚመራውም በፊት ጎማው ስለሆነ፣ ፊቱ በቀለለ መጠን በእርጥብ ሣርና በዳገት ላይ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፤ መሪውም እጅ ላይ ይቀላል። ሾፌሩ ይህን የመሪ ቅለት ብዙ ጊዜ የመኪናው ጥራት አድርጎ ያደንቀዋል።

ስለዚህ የታሸገ ውኃ፣ ቆርቆሮ፣ የመሣሪያ ሳጥንና ሙቀጫ ከወለሉ ጋር ተቀራርበው በሁለቱ አክስሎች መካከል ቢቀመጡ፣ ልብስና ፎጣ ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ ቢገቡ ይመረጣል። ከላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዲያጋድል ከማገዙም በላይ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ወደ ሰው ራስ የሚወረወር መሣሪያ ይሆናል። ጎማውም የራሱ ወሰን አለው፤ በጎኑ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች አንዱ የመሸከም አቅሙን የሚያመለክት ሲሆን፣ ለምሳሌ 112 የሚለው ቁጥር 1,120 ኪሎ፣ 116 የሚለው 1,250 ኪሎ ማለት ነው። ከልኩ በላይ የተጫነ ወይም ነፋሱ ያነሰ ጎማ በየዙሩ ጎኑ ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ይግላል፤ የሐምሌ አስፋልትም ያግዘውና በመጨረሻ ይፈነዳል። የፍሬኑ ጉዳይ ከዚህ አይሻልም፤ ክብደቱ አሥር በመቶ የጨመረ መኪና በዚያው ፍጥነት ሳለ ለማቆም አሥር በመቶ የበለጠ ጉልበት መጥፋት አለበት፤ ይህም ጉልበት በሙቀት መልክ የሚወጣው በእነዚያው አራት ጎማዎች ፍሬን በኩል ስለሆነ፣ ከብሬነር ተራራ ማለፊያ ቁልቁል ሲወረድ ልዩነቱ በአፍንጫ ይታወቃል።

እርግጡን ለማወቅ ከመመዘን በቀር ሌላ መንገድ የለም። በጀርመን የመኪና ሚዛን በጠጠር ማምረቻዎች፣ በቆሻሻ ማስወገጃ ጣቢያዎችና በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የእህል መቀበያ ስለሚገኝ፣ በጥቂት ዩሮ ክፍያ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ደንበኛው አመዛዘን መኪናው ለጉዞ በተዘጋጀበት ሁኔታ፣ ሁሉም ሰው በየመቀመጫው ሆኖ፣ ውኃና ነዳጅ ተሞልቶ፣ በመጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ መላ መኪናውን፣ በመጨረሻም የኋላ ጎማዎቹን ብቻ በሚዛኑ ላይ በማቆም ነው። አንዳንድ አባወራ ግን ሚዛን ፍለጋ ከመዞር በቤቱ ሚዛን እየመዘነ መደመርን ይመርጣል፤ ይህ ዘዴ ዕቃ ሲመዘን መልካም ሆኖ ሰው ላይ ሲደርስ ይበላሻል። በአየር ማረፊያ የተቀበለውን ዘመድ ገና ከማቀፉ «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ብሎ በአደባባይ ለመመስከር የማያፍር ሕዝብ፣ ቁጥሩ ሲጠየቅ ያፍራል። እናት ከልጅቷ ልደት በፊት የነበራትን ኪሎ ትናገራለች፤ ልጅቷ ጥያቄውን ራሱን እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች፤ አያትን የሚጠይቅማ የለም፤ «እሳቸው ደግሞ ምን አላቸው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ምክንያት 75 ኪሎ የሚለው የደንቡ ግምት፣ ማንንም ሳያስቀይም ሁሉንም እኩል ስለሚያደርግ፣ ከሳይንሳዊነቱ ይልቅ ጨዋነቱ ሊመሰገን ይገባዋል። የጠጠር ማምረቻው ሚዛን ጥሩ ጎኑ አራቱን በጅምላ መመዘኑ ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳከበደ አይናገርም።

ውጤቱ ከልክ በላይ ሲሆን መፍትሔ የለም አይባልም። የብረቱ የጋዝ ሲሊንደር በአሉሚኒየም፣ የእርሳስ ባትሪው በሊትየም ሲተካ አሥራ አምስት ሃያ ኪሎ ይቆጠባል፤ ታንከሩን ባዶ አድርጎ ሄዶ ማረፊያው ሲደርሱ መሙላት ግን መቶ ኪሎ ያህል ያለ ምንም ወጪ ያወርዳል። ዱቄትና ዘይት በጣሊያንም ይሸጣሉ፤ ይህ ሐሳብ በቤተሰብ ጉባኤ ላይ ሲቀርብ የሚገጥመው ዝምታ ግን ከባድ ነው። የራሱ መኪና ያለው ሰው ባለስትራውን በማጠናከር ወይም የአየር መደገፊያ በማስገጠም የተፈቀደውን ክብደት ወደ 3,850 ወይም ከዚያ በላይ ማስመዝገብ ይችላል፤ መደገፊያውን አስገጥሞ በመኪናው ሰነድ ላይ ሳያስመዘግብ የቀረ እንደሆነ ግን ያገኘው ምቾትን እንጂ አንድ ኪሎ የጭነት መብት አይደለም። የተመዘገበለትም ቢሆን ከ3,500 መስመር ማዶ ሌላ ዓለም ይጠብቀዋል፤ የ«ቢ» መንጃ ፈቃዱ አይበቃውም፣ በጀርመን አውቶባን ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አይፈቀድለትም፣ ለኦስትሪያ መንገድም አስቀድሞ በሚገዛው ቪኜት ፈንታ በየኪሎ ሜትሩ የሚያስከፍለውን ሣጥን ማስገጠም ይኖርበታል።

በመንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞ ቢመዝንስ? በጀርመን የቅጣት ሠንጠረዥ ለዚህ ዓይነቱ መኪና ከ5 በመቶ በላይ ያለፈ 10 ዩሮ፣ ከ10 በመቶ በላይ 30 ዩሮ ሲከፍል፣ ከ20 በመቶ ያለፈው ደግሞ 95 ዩሮና በመንጃ ፈቃድ መዝገቡ ላይ አንድ ነጥብ ያስመዘግባል። የቤተሰባችን መኪና ከድንበር በፊት ተመዝኖ 3,690 ኪሎ ሆኖ ተገኘ እንበል፤ ትርፉ 190 ኪሎ፣ በመቶኛ ከአምስት ጥቂት የሚያልፍ ነውና ቅጣቱ ከአንድ ኪሎ ጥሩ በርበሬ ዋጋ አይበልጥም። ችግሩ ገንዘቡ ሳይሆን ፖሊሱ ትርፉ ካልወረደ አትቀጥሉም የማለት ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው። ታንከሩ ሲፈስ መቶ ኪሎ ይወርዳል፤ ዘጠና ይቀራል። ከዚህ በኋላ የሚጀመረው ድርድር ከዕቃ ወደ ሰው የሚሸጋገር ሲሆን፣ በርበሬው፣ ሹሮውና የመፍቻ ሳጥኑ እያንዳንዳቸው ጠበቃ ስላላቸው፣ ጠበቃ የሌለው አንድ ሰው በባቡር ቢሄድ ይሻላል ወደሚል ስምምነት መደረሱ አይቀርም። አያት ብቻቸውን እንዳይሄዱ ቋንቋ አይችሉም፤ ስለዚህ እናት ትከተላቸዋለች፤ ሁለቱም ሲወርዱ መኪናው ከነሙሉ ጓዙ ሕጋዊ ይሆናል። አያት ግን ቡና በመፍጫ ከተፈጨ አይጥማቸውምና ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ለአማቻቸው አደራ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደሉም። በጀርመን ባቡር መንገደኛው ራሱ ተሸክሞ ሊያስገባ የቻለውን ጓዝ የሚመዝን ስለሌለ፣ ሁለቱንም በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መሳፈር ይችላሉ።